ገና ነው

በዚያ አገር መስከረም፣ በግንቦት ነው የሚጠባ፤
ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል፣ ባሕር ድረስ ነው አበባ።
ጨው የጠገበ ነፋስ፣ ዛፉን ሁሉ ሲያጎብጠው
ሣሩን ግን ምሮታል፣ ቀድሞ ሰግዶ ስላገኘው።

የዌልስ ሰው ለአበባው፣ ስም ሲያወጣ አይሰስትም፤
«የኩኩ ደወል» ይላል፣ ሰማያዊውን፣ ባይደወልም።
ሐምራዊው፣ ቀጥ ያለው፣ ንብ ገብታ የምትጠፋበት፣
«የውሻ ጣት» ተባለ፣ ውሻው ማን እንደሆን ሳይጠይቁለት።
ከአለት ስንጥቅ በቅላ፣ ማዕበል የሚረጫት
ያቺን ድቡልቡል ሮዝ ደግሞ፣ «የማርያም ትራስ» አሏት።
እኛ መቀነቷን ብቻ፣ ከዝናብ ኋላ ሰማይ ላይ ያየን፣
ትራሷ እዚህ ገደል አፍ መቅረቱን፣ ማን ነገረን?

ወደ ባሕር በሚወርደው፣ በቀጭኑ መንገድ ዳር፣
ኢድወል ፓሪ ትራክተሩን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ነበር፤
ማሽኑ ክንዱን ዘርግቶ፣ ግራና ቀኙን ሲላጭ፣
የአበባ አንገት እንደ ገለባ፣ ከኋላው ሲሰራጭ።
ዘንድሮም ወረቀት መጣ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፦
«ግንቦት ሳያልቅ ይታጨድ። ፊርማ። ማኅተም።» ይኸው ነው መልእክቱ።

ሲወርድ፣ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ፣
ወንበር አየ። የወጥ ቤት ወንበር፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣
ከሣሩ መሀል የተገተረ።
ወይዘሮ ነስታ ተቀምጣለች፤
ላሞቿን አምና ሸጣ፣ ንጋት ላይ ሥራ የጠፋባት ሴት፣
የባሏን ካፖርት ደርባ፣ እንደ ዳኛ፣ ከትራክተሩ ፊት ለፊት።

ሞተሩን አጠፋ።
ስለ ንብ አልሰበከችም፣ ስለ እግዜር ጥበብም አላወራች፤
ጎንበስ ብላ፣ አንዲት ባለ ቢጫ አበባ አገዳ አሳየች፤
ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ፣ «ጽናጽል ናት ይቺ» አለች።
«ከረጢቷ ሲደርቅ፣ ፍሬዋ ከውስጥ ታንኳኳለች፤
አባቴ ማጭድ አይስልም ነበር፣ እሷ ካልጠራችው በቀር፤
ሳታንኳኳ የታጨደች፣ ለከርሞ የላትም ዘር።»

ኢድወል ጠዋት ጠዋት መጣ።
ትራክተሩን ጥምዙ ላይ አቁሞ፣ አንዲት ዘለላ ቀጥፎ፣
ጆሮው ሥር ይነቀንቃታል፣ አጥሩን ተደግፎ።
ምንም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተሩ፣ ሌላም ነገር ሲያጭድ ኖሯል፤
መጀመሪያ ወፎቹን፣ ቀጥሎ ዝናቡን፣
ኋላም የልጁን ሳቅ፣ ከጆሮው ላይ ወስዷል።
በእሑድ መዝሙር እንኳ፣ አፍ አይቶ ነው አፉን የሚከፍት፤
ለሹሞቹ አልነገረም። ነስታን ግን ማን ይደብቃት?

ዘለላዋን ይሰጣታል።
ነቅነቅ ታደርግና፦ «ገና ነው፣ ኢድወል።»
ይሄዳል።

ግንቦት አለቀ። ከቢሮ ስልክ ተደወለ።
ሚስቱ ድንች እየላጠች፣ «ጎማው ተንፍሷል» ብላ ዋሸች።
የኩኩ ደወል ረገፈ፤ የውሻ ጣት ከአጥር በላይ ተመዘዘ፤
የፖስተኛዋ መኪና መስተዋት፣ በቢጫ ብናኝ ደበዘዘ።
አንድ የከተማ ሰው ቆሞ፣ «ይህ አረም ምነው አይታጨድ?» አለ፤
ነስታ ጢሙን አየችና «አንተስ?» አለችው፤ ሳቀና መንገዱን ቀጠለ።

ሰኔ አጋማሹን ሲሻገር፣ በአንድ ደረቅ ጠዋት፣
ኢድወል አገዳዋን ገና ወደ ጆሮው ሳይወስዳት፣
ጣቶቹ መሀል የሆነ ነገር፣
ቅርፊቱን ሊሰብር እንደ ደረሰ ጫጩት፣
ከውስጥ፣ ቀስ አድርጎ፣ አንኳኳበት።
አንድ ጊዜ ነቀነቀ። ደግሞ ነቀነቀ።
ምንም ሳይል ለነስታ ሰጣት።

ነስታ ጆሮዋ ሥር ያዘችው።
ሽፋሽፍቷ ረገበ።
ከዚያ ቁልቁል፣ ወደ ሦስተኛው ጥምዝ አየች፣
ነጫጮቹ ገና ትናንት ዓይናቸውን ወደገለጡበት፣
የማርያም ትራስም፣ አንድ ሁለቷ፣ ቀለሟን ወዳልጣለችበት።
«ገና ነው» አለች።

ከከንፈሯ አነበበው።
«ገና ነው» ብሎ ደገመላት።
አገዳዋን ደረት ኪሱ ከተተ፤ ሞተሩን አስነሣ፤
ምላጩን ሳያወርድ ዳገቱን ወጣ።
መንገዱ ኮረኮንች ነው፤
እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ፣
ኪሱ ሲያሸበሽብ ነበር።